ሳንሳለም ያለፍንበት ቀን

መኪና አቀበት ላይ ሲታፈን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ልክ እንደ ሰው ያስላል። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ "እህ" ይላል፤ ሾፌሩም ተሳፋሪውም ያልሰማ ይመስላል። ሁለተኛው ላይ ወሬው ሁሉ ይቋረጣል። ሦስተኛውን እኔ የሰማሁት ባለፈው ዓመት መጋቢት ውስጥ፣ ከበሽሎ ቆላ ወደ ወገዳ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ አያቴን ከኋላ አስተኝተን ስንጣደፍ ነው። የዚያች መኪና ሞተር በምን ዘዴ እንደሚሠራ የምናውቅ ሰዎች ሁለት ብቻ ነበርን። አንደኛው ባሕር ዳር ሄዷል። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ።

ባንቺአምላክ እባላለሁ፤ ቤት ውስጥ ባንቹ ነኝ። ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣ፣ መምህር ስሜን ሲጠራ ጉሮሮዬ የሚደርቅ ልጅ። እንደ ልቤ የማወራው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ አጎቴ ይርጋ ጋራዥ። ይርጋ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ወገዳ ገበያ ዳር ሞተር ሳይክልና የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጥዬ እሱ ጋ ነኝ። እናቴ "ቤንዚን ቤንዚን ትሸቻለሽ፣ ማን ያገባሻል?" ትለኛለች። "እንደኔው ቤንዚን የሚሸት!" እላታለሁ።

አባቴ ዕድሜዋ ከእሱ የማያንስ የቤንዚን ጂፕ አለችው። ቀለሟ የዳማ ፈረስ ስለሚመስል "ዳማ" ይላታል። ወደ ቆላ ጨውና ስኳር ያወርድባታል፤ ማሽላና ሰሊጥ ያወጣባታል። የዳማ በሽታ ካርቡሬተሯ ነበር። ካርቡሬተር ማለት ቤንዚንን ከአየር ጋር እያደባለቀ ሞተሩን የሚያጎርስ ዕቃ ነው። ቆላ ላይ አየሩ ወፍራም ነው፣ ደጋ ላይ ስስ ነው። ስለዚህ ለቆላ የተመጠነ ቤንዚን ደጋ ሲደርስ ይበዛና ሞተሩን ያንቀዋል።

አባቴ ለዚህ የራሱ ዘዴ ነበረው። የመንገዱ እኩሌታ ላይ፣ የአፋፉ ሚካኤል ጉልላት መጀመሪያ ብቅ የሚልበት ቦታ፣ መሳለሚያ የምንለው ትልቅ ድንጋይ አለ። እግረኛው እዚያ ሸክሙን ያወርዳል፣ ባለ መኪናውም ይቆማል፤ ሁሉም ተሳልሞ ነው የሚያልፈው። አባቴም ሞተር ያጠፋል፣ ይወርዳል፣ ነጠላውን አደግድጎ ይሳለማል። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ የካርቡሬተሯን ብሎን ግማሽ ዙር ያጠብቃል። ሲወርድ ደግሞ እዚያው ቆሞ ግማሽ ዙር ያላላል። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረ።

በኋላ ካርቡሬተሯ ተበልታ አለቀች። ምትኳ አልተገኘም። ይርጋ "እናውጣትና በኮምፒውተር የሚታዘዝ እንሥራላት" ሲል አባቴ እንደ ቀልድ ነበር የሰማው። ቀልድ አልነበረም። ከወዳደቁ መኪኖች ኢንጀክተር ለቀምን፤ ኢንጀክተር ማለት ቤንዚንን በመጠን በመጠን ሞተሩ ውስጥ የሚረጭ ቀጭን ቧንቧ ነው። ረጩን የምታዝዘው ደግሞ የሳሙና ማስቀመጫ በምታህል ሣጥን ውስጥ ያለች ሰሌዳ ናት፤ እያንዳንዷን ሽቦ እኛው በየድን። እግር ነዳጁን ይህን ያህል ሲረግጥ፣ ሞተሩ በዚህ ፍጥነት ሲዞር፣ ይህን ያህል ቤንዚን እርጪ የሚለውን ሰንጠረዥ በይርጋ ላፕቶፕ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከሁለት መቶ በላይ ቁጥር ነው። በእንቅልፌ እደግመው ነበር።

አራት ጊዜ ቆላ ወርደን ወጣን። አራቱንም ጊዜ ዳማ እየዘፈነች ወጣች። ማመን ያቃተው አባቴ ብቻ ነው። አሮጌዋን ካርቡሬተር በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ወንበሩ ሥር አስቀመጣት።

"ምን ያደርግልሃል አባዬ?" ስለው፣

"ትቀመጥ። ሃያ ዓመት አብረን በልተናል" አለኝ።

"ከእንግዲህ እኮ ብሎን መጠምዘዝ የለም። መሳለሚያው ጋ ኮፈን መክፈት ቀረ። ማሽኗ ራሷ ታውቃለች!"

ይችን "ማሽኗ ታውቃለች" የምትል አባባሌን ያዙልኝ።

የዚያን ቅዳሜ ጧት ከቆላ ስልክ ተደወለ። አያቴ፣ አባባ የምንላቸው የአባቴ አባት፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሽንት ከልክሏቸዋል። ይርጋ ዕቃ ሊያመጣ ላፕቶፑን ይዞ ባሕር ዳር ሄዷል። አባቴ ቁልፉን አንሥቶ ሲወጣ ዞር ብሎ አየኝ። "ነይ ውጪ። ያች ማሽንሽ ብታምፅ ማን ያናግርልኛል?"

ስንደርስ አባባ መደብ ላይ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ላባቸው ከግንባራቸው ይንጠባጠባል። የቀበሌዋ የጤና ሠራተኛ፣ ከእኔ ብዙ የማትበልጥ ልጅ፣ አባቴን ወደ ጎን ወሰደችው። እኔም ተከተልሁ።

"ፊኛቸው ሞልቶ ተወጥሯል። በቱቦ ነው የሚወጣው፤ እኔ ጋ ቱቦው የለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወገዳ ያድርሷቸው። ካደረ ኩላሊታቸው ይበላሻል፣ ከዚያ የባሰም ሊመጣ ይችላል።"

"ከዚያ የባሰ ማለት?"

መሬት መሬት አየች። አባቴ ወደ አባባ ተመለሰ።

አባባን አዝሎ ወደ መኪናው ያመጣቸው ጎረቤታቸው አያ ሞላ ነው። አያ ሞላ ወሬ የማያልቅበት፣ ትከሻው እንደ በሬ የሰፋ ገበሬ ነው። አባባ ያን ያህል እያመማቸውም አፋቸው አልሞተም።

"ሰማንያ ዓመት ሙሉ ማንንም ሳላስፈቅድ ስሸና ኖሬ፣ ዛሬ ማን ነው የከለከለኝ ሞላ?"

"ቀበሌው ይሆናል አባባ፤ እሱ የማይከለክለው የለ!"

ከኋላ አስተኛናቸው። አያ ሞላ ጭንቅላታቸውን ጭኑ ላይ ያዘ፤ እኔ ከፊት ተቀመጥሁ። የዳማ ባትሪ ስለደከመ አባቴ ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አድርጎ ነው የሚያቆማት። ቁልፉን ከፈተ፣ ተንደረደረች፣ ተነሣች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነበር።

መንገዱን ለማያውቅ ሰው እንዴት ልንገረው? በእያንዳንዱ ጉድጓድ አባባ "ወይኔ አንጀቴ" ይላሉ፣ አባቴ ጥርሱን ነክሶ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ከዚያ ፀሐይዋን ያይና ይጨምራል። ስንቀንስ ጊዜው ያልቃል፤ ስንፈጥን አያቴ ይሰቃያሉ።

መሳለሚያው ጋ ስንደርስ የአባቴ እግር በልማዱ ከነዳጁ ላይ ተነሣ። ፍሬኑን ሊረግጥ ሲል ከኋላ አባባ አቃሰቱ። እግሩን መለሰው።

"ደሴ፣ ሳንሳለም?" አሉ አባባ።

"ተኝተው ይሳለሙ አባባ። ሚካኤል ያያል፤ ዛሬ አንቆምም።"

"ምን እንቆማለን? ማሽኗ ታውቃለች" አልሁ እኔ፣ ኩራት ኩራት እያለኝ። በመስኮቱ አማተብን። በሕይወቴ መጀመሪያ ጊዜ ያንን ድንጋይ ሳንቆም አለፍነው።

የመጀመሪያው "እህ" ከሁለት ጠመዝማዛ በኋላ መጣ።

አባቴ አላየኝም። እኔም አላየሁትም። ሁለተኛው ሲመጣ አያ ሞላ ያወራው የነበረውን የሰርግ ወሬ መሐል ላይ ተወው። ሦስተኛው ላይ ዳማ ተንገጫገጨች፤ በመስታወቱ ሳይ ከኋላችን እንደ ጎማ ቃጠሎ ጥቁር ጭስ ይግተለተላል። መኪናው ውስጥ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ።

"ምንድን ነው?" አለ አባቴ።

"እ... እንጃ።"

"እንጃ? ታውቃለች ስትይ አልነበረም?"

ወደ አንደኛ ማርሽ ቀየረ። ዳማ ከእግረኛ ባልፈጠነ ሁኔታ እየተርገፈገፈች ተሳበች። በግራ ተራራ፣ በቀኝ ገደል። ከኋላችን የወጣነው ጠመዝማዛ። ፀሐይዋ ለሸንተረሩ ሁለት ክንድ ያህል ቀርቷታል።

"ካርቡሬተሯን ልመልስ ብል ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"ግማሽ ቀን" አልሁ። ድምፄ አልወጣም፤ ደግሜ አልሁት።

አባቴ መሪውን በመዳፉ መታ። "እኔ ነኝ ጥፋተኛው! አባቴን በልጅ መጫወቻ ጭኜ!"

ይህን ያህል የጎዳኝ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ከሁሉ ያስፈራኝ ግን እሱ አልነበረም። አባባ ማቃሰት ተዉ። ዞሬ ሳያቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

"ሳንሳለም አልፈን ነው" አለ አያ ሞላ። "እኔ ብዬ ነበር።"

"መቼ አልህ?" ጮኸበት አባቴ።

"በሆዴ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ቁጥሮቼን መደርደር ጀመርሁ። ሰንጠረዡ ያው ነው። ኢንጀክተሮቹ ያው ናቸው። ጭነታችን ከሌላው ጊዜ ያንሳል። አራት ጊዜ በዚሁ መንገድ እየዘፈነች ወጥታለች። ያን ጊዜ የነበረ፣ ዛሬ የሌለ ነገር ምንድን ነው?

ሳንሳለም አልፈን ነው።

ክው አልሁ።

ያች ሰሌዳ የአየሩን ውፍረት የምትለካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቁልፍ ሲከፈት፣ ሞተሩ ሳይነሣ በፊት። ከዚያ በኋላ እስኪጠፋ ድረስ ያንኑ ታምናለች። እኔና ይርጋ አራቱንም ጊዜ ስንወጣ መሳለሚያው ጋ ቆመን ነበር። ማንም ልብ ብሎ የማያስበው ነገር ነው፤ ሰው እዚያ ይቆማል፣ አለቀ። ሞተር አጥፍተን፣ ተሳልመን፣ እንደገና አስነሥተን። ሳናውቀው እኩሌታው ላይ አየሩን እንደገና እናስለካት ነበር! ዛሬ ግን አልቆምንም። ዳማ ደጋ እየወጣች ነው፤ ሣጥኗ አሁንም በሽሎ ዳር ያለች መስሏት የቆላውን ቤንዚን ትረጫለች። ይህን ለማለት አፌ እስኪከፈት ሌላ ጠመዝማዛ አለፈ።

"አባዬ፣ አጥፋት!"

"ምን?"

"ሞተሩን አጥፋና እንደገና አስነሣት። የቆላውን አየር ነው የያዘችው። ካላጠፋሃት አታውቅም!"

"እዚህ? አቀበት ላይ?" ዓይኑ ከመንገዱ አልተነቀለም። "የእጅ ፍሬኗ አይዝም። ባትሪዋ አንድ ጊዜ ቢያዞር ነው፤ ካልተነሣች ወደፊት የምንገፋበት ቁልቁለት የለም። ወደ ኋላ ከተንሸራተተች የት እንደምንገባ አይተሻል? በዚህ መንገድ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ ባንቹ። አቀበት ላይ ሞተር አይጠፋም!"

"ካላጠፋሃት ራሷ ትጠፋለች!"

በአባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። ሁለታችንም ደነገጥን። ያኔ ከኋላ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"ደሴ።"

"አቤት አባባ።"

"ያችን ሣጥን የሠራት ማነው?"

"እሷና ይርጋ።"

"ይርጋ እዚህ አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያ የሠራችውን ስማ እንጂ! እኔ እንደሆን አንተ ብትጮህም ባትጮህም እየፈነዳሁ ነው።"

አባቴ በመስታወቱ አባቱን አየ። ከዚያ "ሞላ፣ ውረድ። ድንጋይ" አለ።

እኔና አያ ሞላ እየሄደች ዘለን ወረድን። ከተራራው ሥር ሁለት ትልልቅ ድንጋይ አመጣን። አባቴ ፍሬን ያዘ፤ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር አስገባን። ፍሬኑን ላላ ሲያደርገው ዳማ ወደ ኋላ ተደገፈች፤ የእኔ ድንጋይ በጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ። አንድ ስንዝር ሄደች። አያ ሞላ ሌላ ድንጋይ አንከባልሎ ከሥሩ ደረበበትና በእግሩ ረገጠው።

"ይዟል!"

"ከኋላዋ ዘወር በል አያ ሞላ፣ ወደ ተራራው በኩል!" አልሁና ወደ አባቴ መስኮት ሮጥሁ።

አጠፋት።

እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ነፋስ፣ የጋለ ብረት ጠቅ ጠቅ ሲል፣ የአባባ ትንፋሽ።

"ቁልፉን ክፈት፣ ግን አታዙር።"

ከፈተ። የቤንዚን ፓምፗ "ዝዝዝ" ብላ ዝም አለች። በዚያች ቅጽበት ሣጥኗ የደጋውን አየር ቀመሰች፤ ቢያንስ እኔ እንዲያ ብዬ ጸለይሁ።

"አሁን ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጠህ አዙር።"

"ታፍና ሳለ ነዳጅ ልጨምርላት?"

"እስከ ወለሉ ከተረገጠ ቤንዚኑን ትዘጋለች፤ አየር ብቻ ነው የምታስገባው። እንዲያ ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ አባዬ።"

እግሮቹን አየ። እኔም አየሁ። አንደኛው እግር ማርሹን በሚያላቅቀው ፍሪሲዮን ላይ፣ ሌላው ነዳጅ ላይ ከሆነ ለፍሬን የሚተርፍ እግር የለም። ዳማን፣ አባባን፣ እሱን የሚይዛቸው ሦስት ድንጋይ ብቻ ይሆናል። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ያንን አስተያየት እስከ ዛሬ በቃል ልገልጸው ሞክሬ አልቻልሁም። እንደ ልጁ አልነበረም ያየኝ። እንደ ሥራ ባልደረባ ነው።

እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሣ።

ድንጋዮቹ ጠጠሩን ሲጨፈልቁት ሰማሁ። ያዙ።

ማስነሻ ሞተሪኖዋ አንድ ጊዜ ዞረች። ሁለተኛው ዘገየ። ሦስተኛው የሚቆም መሰለ፤ የባትሪው ነፍስ ስትወጣ የሰማሁ መሰለኝ። ከዚያ እሳት ከሚጭሩት ካንዴላዎች አንዱ ያዘ፣ "ቱፍ!" አለ፣ ጥቁር ደመና ተፋች፣ ሌላው ያዘ...

"ቀንስ አባዬ! አሁን ቀስ ብለህ ልቀቅ!"

ዳማ አገሣች። ጭሱ ከጥቁር ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ምንም ተቀየረ። አባቴ ማርሽ አስገብቶ ንቅንቅ አለ። እንደገና መቆም እንደማይችል ስለምናውቅ እኔና አያ ሞላ ከኋላ ሮጠን ዘለን ተሳፈርን። የአያ ሞላ አንድ እግር ኮንጎ ጫማ መንገዱ ላይ ቀረ።

"ጫማዬ!"

"ሚካኤል ይጠብቅልሃል!" አሉ አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ወገዳ የገባነው ፀሐይዋ ሸንተረሩን ስትነካ ነው። አባቴ አባቱን እንደ ሕፃን አቅፎ እየሮጠ ጤና ጣቢያው አስገባቸው። በሩ ተዘጋ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጥፍሬን ስበላ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አላውቅም። ድንገት ከውስጥ አባባ "ኧኧኧፍ! አሁን ገና ዓለም ተፈጠረች!" ሲሉ ተሰማ። ሰልፍ ላይ የነበሩት በሽተኞች ሁሉ ሳቁ። አባቴ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ስላየሁ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ አንዳንድ ነገር ልጅ ሊያየው አይገባም።

በኋላ መጥቶ ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። "እስኪ ንገሪኝ። ምን ነበር?"

ነገርሁት። የቆላውን አየር፣ የደጋውን አየር፣ አራቱን ሙከራ፣ የመሳለሚያውን ነገር። አባቴ መሐል ላይ ሳያቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሲሰማኝ የመጀመሪያው ነው። "ጥፋቱ የእኔ ነው አባዬ። ማሽኗ ታውቃለች አልሁህ እንጂ እኛ የነገርናትን ነው የምታውቀው። ይህን ደግሞ አልነገርናትም።"

"ታዲያ ዛሬ ነገርሻታ" አለኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ መልሱን እያወቃችሁ እጃችሁን የማታወጡ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያን ቀን ያስፈራኝ አለማወቄ አልነበረም። ካወቅሁ በኋላ አፌን መክፈት ነበር። "አባዬ፣ አጥፋት" ለማለት የፈጀብኝን ጊዜ ሳስብ አሁንም እበሳጫለሁ፤ አንድ ጠመዝማዛ ሙሉ ነው። ሰኞ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ መምህሩ ስለ አየር ግፊት ጠየቁ። እጄ ራሱ ተነሣ። ያልተጠየቅሁትን ሁሉ፣ ኮንጎ ጫማውን ሳይቀር አወራሁ። መምህሩ "ይህን ጻፊው" አሉኝ፤ ይኸው ጻፍሁ። እንዲህ ደስ እንደሚል የነገረኝ አልነበረም!

ይርጋ ከባሕር ዳር ሲመለስ ታሪኩን ሰምቶ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ የውጭውን አየር ሳያቋርጥ የሚለካ ሁለተኛ መለኪያ ገጠምንላት። አሁን ብትቆምም ባትቆምም ትለካለች። አባቴ ደግሞ አንድ ቀን ከወንበሩ ሥር ጆንያዋን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ካርቡሬተሯ ዛሬ ደብተሮቼን ደግፋ ይዛልኛለች።

አባባ ታክመው ቱቦው ከወጣላቸው በኋላ ወደ ቆላ ስንመልሳቸው፣ መሳለሚያው ጋ ስንደርስ አባቴ ቀነሰ።

"አባዬ፣ አሁን እኮ በእውነት ታውቃለች። መቆም አያስፈልግም።"

ሞተሩን አጠፋው። "እኔ ለእሷ ብዬ የምቆም መሰለሽ?" ብሎኝ ወረደ።

ተሳለምን። አባባም ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተሳለሙና፣ ከድንጋዩ ራቅ ብለው ቁልቁል ወርደው ከአንድ ቋጥኝ ኋላ ተሰወሩ። ቆዩ። በጣም ቆዩ። አባቴ ተጨንቆ "አባባ! ደህና ነዎት?" ብሎ ተጣራ።

"አታጣድፈኝ!" አሉ ከታች። "ማንንም ሳላስፈቅድ ነው!"

አባቴ ሳቁ ሲያልቅ መሪው ጋ እንድቀመጥ ጠቆመኝና ቁልፉን በመስኮት ወረወረልኝ። "በይ አስነሺያት።"

ከፈትሁ። ፓምፗ ዝዝዝ እስክትል ጠበቅሁ፤ ከዚያ አዞርሁ።